አንድ ካለ እምቢ፣ ሁለት ካለ እሺ

አሥራ ሁለተኛው የጨረቃ ወር፣ ቀን 3

ኩንዩዋን ከሆስፒታል ከወጣ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ቀኝ እጁ እንደተኛ ነው። ንግግሩም አልተመለሰም፤ ከአፉ የሚወጣው ቁጥር ብቻ ነው። ሾርባ ሳጎርሰው ይቆጥራል፣ ከአልጋ ሳነሳው ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሐኪሞቹ ስትሮኩ ነው ይላሉ። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር አብሬው የኖርኩትን ሰው አውቀዋለሁ፣ ዝም ብሎ የሚቆጥር ሰው አይደለም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። «አንድ ካልክ እምቢ ነው፣ ሁለት ካልክ እሺ ነው» አልኩት። ገብቶታል። ከዓይኑ አየሁት።

ዛሬ ዶክተር ኮ፣ የባህል መድኃኒት ሐኪሙ፣ ኮምፒውተራቸውን በፎጣ ጠቅልለው ታቅፈውት ወደ ኩንዩዋን የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ መጡ። የጤና መድን ካርድ የሚያነበው ፕሮግራም ታድሶ አሮጌው ማሽን አልችል ብሎታል። «በሽተኛው ካርዱን ሰጥቶኝ ወጥቶ ኑድል በልቶ ይመለሳል፣ ማሽኑ ገና እያሰበ ነው» አሉኝ። አዲስ መግዛት አይሆንላቸውም። የመድኃኒት ቅመማ መዝገባቸው ያለበት ፕሮግራም ከዚያ ማዘርቦርድ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ላይ ከተነሳ አይሠራም፣ የሠራላቸውም ሰው ሞቷል። ስለዚህ ማዘርቦርዱ ሳይነካ የማሽኑ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ ብቻ፣ በተሻለ መለወጥ አለበት።

«ማን ይሠራዋል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ኩንዩዋን ይነግረኛል፣ እኔ እጅ እሆነዋለሁ።»

ኩንዩዋን ወደተኛበት ጓዳ አየት አደረጉና ፎጣቸውን አጣጥፈው፣ ኮምፒውተሩን ትተው ሄዱ።

ማታ የባሌ ወንድም ማኦታንግ መጣ። ሱቁ ውስጥ ሳንቲም እየተከፈለ አሻንጉሊት በመንጠቆ የሚወጣባቸውን ማሽኖች መደርደር ይፈልጋል። ቻንግዋ ከተማ ውስጥ በየማዕዘኑ እነሱ ናቸው፣ ያልገቡበት የእኛ መንገድ ብቻ ነው። «እትዬ፣ አንቺም ታርፊያለሽ፣ እሱም ያርፋል» ይላል። ቤቱ የባሌ እናት፣ የአማቴ ነው፣ የሚፈርዱትም እሳቸው ናቸው። ፈረዱ። «አዲሱ ዓመት በገባ በአምስተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሱቁን ይከፍታል። እስከዚያ የዶክተሩ ዕቃ ተሠርቶ ከተመለሰ፣ ኩንዩዋንም ይከፈት ካለ፣ ይከፈታል። ካልሆነ ማኦታንግ ታፔላውን ያወርዳል።»

እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ካሸር ላይ ነው፣ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ። ለሱ ነው።

ቀን 5

የማዘርቦርዱን ስም ከመሃሉ ላይ አነበብኩ። የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ከአምራቹ ገጽ አውጥቼ አተምኩት። ስድስት ገጽ ሆነ። ራሴ ዞረ። የሁሉም ስም ይመሳሰላል፤ አራት ቁጥር፣ ከኋላው አንዳንዱ ላይ ፊደል፣ አንዳንዱ ላይ ባዶ። ፊደሏ ምን ትሠራለች? አላውቅም። መጠናቸው አንድ፣ የሚቀመጡበት ሶኬት አንድ። ግን ሁለተኛ ጀነሬሽን የሚባል አለ፣ ሦስተኛ የሚባል አለ። አራተኛው ደግሞ ጭራሽ ሶኬቱ አይገጥምም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ በሦስተኛው ከመጀመሪያው ባሰብኝ።

ኩንዩዋንን ጠየቅኩት። «ሁለተኛ ይሁን ሦስተኛ?»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለና አቆመ።

ሦስተኛ። እሰይ! አብሮ መኖር ለዚህ ነው።

ቀን 6

ታይቹንግ ከተማ ላለው የዕቃ አከፋፋይ ደወልኩ። «ባለቤትሽን አቅርቢልኝ» አለ። ገላውን እየታጠበ ነው አልኩት። ሦስተኛ ጀነሬሽን እዚህ ማዘርቦርድ ላይ ይገባል ወይ ስለው «ይገባል፣ ለምን አይገባም» አለ። አዘዝኩ።

ቸኩያለሁ። ሾርባው ገንፍሏል።

ቀን 9

ዛሬ እራት ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት ጠየቅኩት። «ኩንዩዋን፣ ሱቁን ልክፈተው?»

«አንድ፣ ሁለት» አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሰማችሁ?» አልኩ።

ማኦታንግ ሳቀ። «ቆይ እኔም ልሞክር» አለና ወንበሩን ወደ ወንድሙ ጎተተ። «ወንድም ጋሼ፣ የአሻንጉሊት ማሽኖቹን ላስገባ?»

«አንድ፣ ሁለት።»

«ይኸው! ለሁለታችንም ፈቅዷል። ድሮም ለጋስ ነው።»

አማቴ አልሳቁም። እኔ ሲያስለው ነው አልኩ። በእርግጥም ቀደም ብሎ አስሎት ነበር። ሰው ሲያስለው የሚለው አይቆጠርም።

ቀን 13

ፕሮሰሰሩ አልደረሰም። ዶክተር ኮ በሳይክል ሲያልፉ አይተውኝ ደወላቸውን ብቻ አሰሙ። አለመጠየቃቸው ከመጠየቃቸው ባሰ።

የኩንዩዋንን ጠረጴዛ አጸዳሁ። መፍቻዎቹን በቁመታቸው ደረደርኳቸው። እሱ እንዲህ አያደርግም፣ ሁሉንም ካንድ ቆርቆሮ ውስጥ ይከታቸው ነበር። ሳስበው እንዲህ ይሻላል።

ቀን 16

የምድሩ አምላክ ቀን ነው፤ ነጋዴ ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሥጋና ፍራፍሬ ያቀርባል። እኔም አቀረብኩ። ፕሮሰሰሩም በዚሁ ቀን መጣ፣ ጥሩ ምልክት ነው አልኩ።

ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ፋኑን ፈታሁ፣ ሙቀት የሚያሻግረውን የደረቀ ፔስት በአልኮል ጠረግኩ። ማቀፊያው ጎን ያለችውን ሽቦ ስጫናት ትንሽ ተቃወመችኝ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳች። አሮጌውን አወጣሁ። አዲሱን በጎኑ ያሉትን ሁለት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ተከትዬ አስቀመጥኩት፤ ያለ ምንም ግፊት ቦታው ገባ። ምን እንደተሰማኝ መጻፍ ያሳፍራል። ካሸር ላይ በተቀመጥኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም።

አበራሁት። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ጥቁር።

ቀን 17

ጥቁር።

ቀን 18

ኩንዩዋንን «ሚሞሪው ነው?» ስለው «አንድ፣ ሁለት» አለ። ሚሞሪውን ለወጥኩ። ጥቁር። «ፓወሩ ነው?» ስለው እስከ አምስት ቆጠረ። አምስት ምን ማለት ነው? አምስተኛው ገመድ? ገመዶቹን ቆጠርኩ፣ ከየት ጀምሬ እንደምቆጥር ጠፋኝ። የሶኬቱን ቀጫጭን እግሮች አጣምሜ ይሆን ብዬ በማጉያ መነጽር አየሁ። ቀጥ ያሉ ናቸው። ወይም ይመስሉኛል። ቀጥ ያለ ምን እንደሚመስል በምን አውቄ።

ምን ልሁን? የሰውየውን ኮምፒውተር ገደልኩት።

ቀን 20

የንግግር ሐኪሟ ወይዘሪት ፋንግ ቤት ድረስ መጣች። ልጅ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። በኩራት ዘዴዬን ነገርኳት። አንድ እምቢ፣ ሁለት እሺ። ሰማችኝና ማንኪያ አነሳች።

«አቶ ኩንዩዋን፣ ይሄ ባርኔጣ ነው?»

«አንድ፣ ሁለት።»

«እርስዎ ሴት ነዎት?»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

ወደ እኔ ዞረች። «ወይዘሮ ቢሺያ፣ ቁጥር ከልጅነት በቃል የተያዘ ነገር ነው። ሌላው ንግግር ሲጠፋ እሱ ብቻውን ሊቀር ይችላል። የሚያቆመው ትንፋሹ ያለቀበት ላይ ነው እንጂ መልስ እየሰጠዎት አይደለም። አዝናለሁ።»

«ግን ይሰማኛል?»

«የተወሰነውን ይሰማል። ምን ያህሉን እንደሆነ እኔም ገና አላውቅም።»

እስከ በሩ ሸኘኋት፣ መንደሪን ሰጠኋት፣ በሩን ዘጋሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ተናደድኩ። በሷ አይደለም፣ በሱም አይደለም። ባርኔጣ አለው እንጂ! ማንኪያውን ባርኔጣ አለው! እኔ ደግሞ ፕሮሰሰር መረጥኩበት። ምን ያልጠየቅኩት ነገር አለ? ሻይ ትፈልጋለህ፣ መስኮቱን ልዝጋ፣ እናትህ ይግቡ፣ ትወደኛለህ። ለሁሉም ሁለት ብሎኛል። ስለ ሱቁም።

ታዲያ ስለ ሱቁ ምን ብሎኛል? ምንም። ለአማቴ ግን «እሺ ብሏል» ብያለሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ቀን 21

አልነገርኳቸውም። ገበያ ሄደው ነበር። ከመጡ በኋላም ደክሟቸው ነበር።

ቀን 22

ዝርዝሩን እንደገና አወጣሁ። በዚህኛው ዙር ማንንም አልጠየቅኩም። ማስመሪያ ከየመስመሩ ሥር እያደረግሁ አንድ በአንድ ነው ያነበብኩት።

ለካ ሦስት ዓምድ ነው! እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ያየሁት። አንደኛው የፕሮሰሰሩ ስም ነው። ሁለተኛው የማዘርቦርዱ ዕትም ነው፤ አንድ ስም ያለው ቦርድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሻሽሎ ይወጣል፣ ቁጥሩ የቦርዱ ጥግ ላይ በደቃቅ ተጽፏል። የዶክተሩ 1.1 ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ባዮስ ይላል፣ ማለትም ቦርዱ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው የራሱ ፕሮግራም። የገዛሁት ፕሮሰሰር ፊት ለፊት «ከአሥራ አራተኛው ባዮስ ጀምሮ» ተጽፏል። የዶክተሩ ቦርድ ስድስተኛው ላይ ነው፤ አሮጌውን ፕሮሰሰር ሳልነቅል የመነሻ ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ስለነበር አየሁት።

ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ስህተት አይደለም። ማዘርቦርዱ ነው እንግዳውን የማያውቀው። አሮጌውን ፕሮሰሰር መልሼ፣ ባዮሱን አድሼ፣ ከዚያ አዲሱን ማስገባት ነው። ይኸው ነው! አልገደልኩትም!

ሰውየው «ይገባል» ያለኝ እውነቱን ነው። ገብቷል። ይነሳል ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ቀን 24

የቤቱ አማልክት ዛሬ ወደ ሰማይ ይሸኛሉ፤ እነሱ ከሌሉ ነው አቧራ የሚነካው። አማቴ ከጠዋት ጀምሮ መጥረጊያ ይዘዋል። እኔ አዲሱን ባዮስ ፍላሽ ላይ ስገለብጥ ቆይቼ አሮጌውን ፕሮሰሰር ላመጣ ሄድኩ። ከአኩሪ አተር የሚሠራ ጣፋጭ ቶፉ በበላሁበት ኩባያ ውስጥ በሶፍት ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር።

ኩባያው የለም።

«እማ፣ እዚህ የነበረ ኩባያ አይተዋል?»

«ጣልኩት እንጂ። የቆሻሻው መኪና ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ ሮጬ ነው የደረስኩበት።»

«ውስጡ ዕቃ ነበር እኮ!»

«ሶፍት ነበር። የተበላበት ኩባያ ውስጥ የተጨማለቀ ሶፍት ሳገኝ ምን ላድርግ፣ ልስገድለት? የበሽታ ዓመት ነው ቢሺያ፣ አሮጌ ነገር ሁሉ ይውጣ!»

እሳቸው ምን አጠፉ። የሰው ንብረት ቶፉ ኩባያ ውስጥ የምታስቀምጥ ሴት ናት ያጠፋችው። በሃያ አራተኛው ቀን ቤቱ ሁሉ እንደሚጠረግ የማያውቅ የለም፤ እኔም ምራት ሆኜ ሃያ አንድ ጊዜ ጠርጌያለሁ።

ቀን 25

ሌላ አሮጌ ፕሮሰሰር ፍለጋ ታይቹንግ ደወልኩ። በዓል ነው፣ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ይላል። ሌላ ጋ ደወልኩ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ።

ቀን 27

ማኦታንግ ሜትር ይዞ መጥቶ የሱቁን ፊት ለካ። «ስድስት ማሽን ይይዛል» አለ። ከዚያ የእኔን ፊት አየና ሜትሩን ኪሱ ከተተ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

አይደለም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቀን 28

ካሸሩ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ምንም የማደርገው ስላልነበረኝ። የእኔ ኮምፒውተር ከእግሬ አጠገብ ያጉረመርማል። ኩንዩዋን ከአሥር ዓመት በፊት ከትርፍራፊ ዕቃ የገጣጠመልኝ ነው። «አትንኪው፣ ብቻ ጠቅ ጠቅ አድርጊበት» ብሎኝ ነበር። ነክቼው አላውቅም።

ዛሬ ከፈትኩት። አቧራው አስነጠሰኝ። ፋኑን አንስቼ የፕሮሰሰሩን ጀርባ ሳነብ ሁለተኛ ጀነሬሽን ነው። ማስመሪያዬን አምጥቼ ከዝርዝሩ ፈለግኩት። ስሙ አለ። ዕትም 1.1፣ ይሆናል። ባዮስ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። ሦስቱንም ዓምድ ሁለት ሁለት ጊዜ አየሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ከጉልበቴ አጠገብ ነበር! በደስታ ጮህኩ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ተናድጄ። ለምን ነበር አትንኪው የሚለኝ? ምን እንዳላውቅ ነበር?

የዶክተሩ ማዘርቦርድ ላይ አስገባሁት። ስክሪኑ በራ። ባዮሱን ማደስ ጀመርኩ፤ ሲታደስ መብራት ከጠፋ ቦርዱ ዳግም አይነሳም ይላል። ሃያ ከመቶ ላይ ሳለ አማቴ የበዓሉን የሩዝ ኬክ በእንፋሎት ሊያበስሉ ትልቁን የኤሌክትሪክ ድስት ይዘው ሲያልፉ አየኋቸው። ማሞቂያው በርቶ ድስቱ ከተሰካ ፊውዙ ይወድቃል፣ በየዓመቱ ይወድቃል።

«እማ፣ በፈጠረዎት እንዳይሰኩት!»

«ኬኩ ኩፍ ካላለ ዓመቱ አይሰምርም፣ ታውቂያለሽ።»

«ሰባት ደቂቃ ብቻ!»

ድስታቸውን ታቅፈው ከኋላዬ ቆሙ። ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር አብረውኝ አዩ። ሰማንያ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆም «ምን ሆነ?» አሉ በሹክሹክታ። መቶ ሲል እኔም እሳቸውም ተነፈስን።

አዲሱን ፕሮሰሰር አስገባሁ። በራ። የቅመማው መዝገብ እንዳለ አለ። የካርዱ ፕሮግራም ዓይኔን ሳላርገበግብ ተከፈተ።

«ኩንዩዋን ነው የነገረሽ?» አሉኝ አማቴ።

«አዎ» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አልገባኝም።

የዓመቱ መጨረሻ ቀን

ዶክተር ኮ ወሰዱት። ከክሊኒካቸው ደውለው «ኑድል ቤቱ ሊከስር ነው» ብለው ሳቁ።

የእራት ጠረጴዛው ሙሉ ነበር። ማኦታንግ ብርጭቆውን አነሳልኝ። «እትዬ፣ እጅሽን ይባርከው። ብቻ ወንድሜ ስለ ሱቁ እርግጠኛ ነው?»

«ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፣ ሁለት ነው የሚለው» አልኩ።

በፊት የተናገርኩት ስህተት ነበር። የዛሬው ውሸት ነው።

አዲስ ዓመት፣ ቀን 2

የሁለተኛ ቀን ወግ ነው፣ ያገባች ሴት ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች። የእኔዎቹ ስለሞቱ ቤት ውዬ ኩንዩዋንን ጸሐይ ላይ አስቀምጬ ጢሙን ላጨሁት።

ምን ትፈልጋለህ? ጮክ ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቀው ይቆጥራል።

እዚህ ደብተር ላይ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ከመታመሙ በፊት፣ በስምንተኛው ወር፣ መዝጊያውን ሲያወርድ «ቢሺያ፣ ደከመኝ። ብንዘጋው ምን ይመስልሻል? ዓሣ እያጠመድኩ ብኖር» ብሎኝ ነበር። እኔ «ነገ ደንበኛ አለህ» አልኩት። አልሰማሁም እንዳልል ሰምቻለሁ። በሚቀጥለው ወር ወደቀ።

ይህን እያወቅኩ ነው «ለሱ ነው» እያልኩ ስጽፍ የከረምኩት። ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ግራ ገባኝ።

ቀን 4

የቤቱ አማልክት ዛሬ ይመለሳሉ። ነገ አምስተኛው ነው። አንድ ነገር ደግሞ አውቄያለሁ፣ ባላውቀው ይሻል ነበር። ኩንዩዋን ጋደም ሲል ትንፋሹ እስከ አራት አምስት ይደርሳል። ትራስ ደግፎት ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ሁለት ላይ ያልቃል። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል።

ቀን 5

ከጠዋት ጀምሮ ርችቱ መንገዱን በቀይ ወረቀት ሸፍኖታል። ጫማ ሻጩ ከፍቷል፣ መነጽር ቤቱ ከፍቷል። የእኛ መዝጊያ እንደወረደ ነው። ማኦታንግ መሰላል ይዞ መጣ፣ ምናልባት ታፔላው የሚወርድ ከሆነ ብሎ። አማቴ ኩንዩዋንን በተሽከርካሪ ወንበር ራሳቸው ገፍተው እስከ ደጃፉ አወጡት። በትራስ ደግፈው ቀጥ አድርገው አስቀምጠውታል።

«ቢሺያ» አሉ፣ «የዶክተሩን ዕቃ መልሰሻል። የቀረው የሱ ቃል ነው። በሁላችንም ፊት ጠይቂው፣ ነገሩም ይቋጭ።»

መጠየቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት እንደሚል አውቅ ነበር። አፌንም ከፍቻለሁ።

«አልጠይቀውም» አልኩ።

ማኦታንግ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«እሺ አለ ያልኳችሁ እኔ ነኝ እንጂ እሱ አላለም። ቁጥሩ መልስ አይደለም፣ ወይዘሪት ፋንግ ነግራኛለች፣ ደብቄያችሁ ነው። ፕሮሰሰሩንም ያገኘሁት ራሴ ነኝ፣ እሱ አልነገረኝም። ሳይታመም ደግሞ ደክሞኛል እንዝጋው ብሎኝ ነበር። እማ፣ ሱቁን የምፈልገው እኔ ነኝ። ልሠራበት ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ እኮ!» አለ ማኦታንግ። «እማ ሰሙ አይደል? ወንድሜ ራሱ...»

«አንተ ዝም በል» አሉት። እኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እንዲህ አይተውኝ አያውቁም፤ እንደ ምራት አልነበረም፣ እንደምን እንደነበረ አላውቅም። «ይኸን ሁሉ ዓመት ካሸሩ ላይ ሆነሽ ስትመኚው ነው የኖርሽው?»

«አዎ፣ እማ።»

ወደ ማኦታንግ ዞረው «መሰላሉን ወደ ቤትህ ውሰድ፣ ሰው እያየን ነው» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ኩንዩዋን አልቆጠረም። ግራ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ነበር። ደስ ብሎት ይሁን፣ ተቀይሞኝ ይሁን፣ የርችቱ ጭስ ገብቶበት ይሁን አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ጠረግኩለት። «ይቅር በለኝ» አልኩት፤ ከዚያ መዝጊያውን አንስቼ ከፈትኩ።